አሥራ ሁለቱ ባሕር ዛፎች

የካቲት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

የተቦጨቀ ዳዊት ስሰፋ ዋልኩ። የቅኔ ተማሪዎቼ ወደ ሌላ ጉባኤ ከሄዱ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ባለቤቴ ላቀች ከሞተች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ አሁንም ለራት ሁለት እንጀራ አወጣና አንዱን መልሼ እከድናለሁ። እጅ ልማዱን አይተውም?

አመሻሽ ላይ ወደ ጠበሉ ወረድኩ። ዛፎቼን ለማየት ነው፤ ሌላ የምጠይቀው ዘመድ የለኝም። አሥራ ሁለት ባሕር ዛፍ፣ በሐዋርያት ስም የሰየምኳቸው። በይሁዳ ፋንታ ማትያስን አስገብቻለሁ፤ ላቀች በዚህ ስትስቅብኝ ኖረች። ለጠበሉ ክብር አጥር ይሁነው ብለን ችግኙን ከንፋስ መውጫ በአህያ አመጣሁ። እሷ ሁለት በጋ ሙሉ ከዚያው ምንጭ በቅል እየቀዳች አጠጣቻቸው። አሁን የሚካኤልን ጉልላት በልጠዋል።

ውሃው ቀጥኗል። በጋ ነው...

የካቲት 27

አንድ እንስራ እስኪሞላ ግማሽ ዳዊት ይደገማል። ሴቶቹ ተራ ይዘው ይጣላሉ።

መጋቢት 3

ጠበሉ ደረቀ። ሰዉ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰበ። ገበዙ ፈንታው፣ “ሰው አርክሶታል” አለ። ዓይን ሁሉ ወደ ይታይሽ ዞረ። ከስማዳ መጥታ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ እየፈተለች ለብቻዋ የምትኖር ናት። እዚህ ዘመድ የላትም፤ ለዚህ ይመስለኛል የዞረባት። በወር አበባዋ ሳትነጻ ወርዳለች ተባለ። ማን አየ? ማንም።

“ኧረ በሚካኤል፣ አልወረድኩም” አለች።

ከጠበሉም ከቤተ ክርስቲያኑም ተከለከለች። ሰባት ቀን ምህላ ታዘዘ። የሚመራው እኔ ነኝ።

መጋቢት 6

የምንጩን አፍ ልጠርግ ብቻዬን ወረድኩ። ሁለት ክንድ ያህል ስቆፍር ሥር አገኘሁ። እንደ ክንዴ የወፈረ። ውሃው የሚወጣበትን የድንጋይ ስንጥቅ ሞልቶታል። ስቆርጠው ቁራጩ ውሃ አንጠባጠበ። ተከትዬ ቆፈርኩ፣ ጴጥሮስ ጋ አደረሰኝ። ሁለተኛውን ተከተልኩ... ቶማስ።

አፈሩን መልሼ ሞላሁት። ለምን ሞላሁት?

መጋቢት 9

ምህላ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ አርባ አንድ ጊዜ። ይታይሽ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ትሰግዳለች።

“የኔታ፣ ድምፅዎ ዛሬ ደከመ” አለኝ ፈንታው።

ጾሙ ነው አልኩት።

መጋቢት 10

ልናገር ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ብናገር ቁረጥ ይሉኛል። ከላቀች የቀረኝ ምን አለ? ቀሚሷን እንኳ ለነዳያን ሰጥቻለሁ። ደግሞም አፍራለሁ። ዛፉን ስተክል የመረቁኝ እነሱ ናቸው።

መጋቢት 13

ይታይሽን ዳገቱ ላይ አገኘኋት። ከቆላ ወንዝ ቀድታ፣ እንስራ አዝላ፣ እያለከለከች።

“የኔታ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። እኔ እሆን ያደረቅሁት? ሳላውቅ?”

“እግዚአብሔር ያውቃል” አልኳት።

እሱማ ያውቃል። እኔስ?

መጋቢት 16

ይታይሽ ሄደች። በሯ በገመድ ታስሯል። ወደ አርብ ገበያ ነው አሉ፤ እዚያ አክስት አለቻት።

መጋቢት 17

ተናገርኩ። ሥሩን ይዤ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፈንታው ቀስ ብሎ፣ “የኔታን ሐዘኑ ጎድቷቸዋል” አለ። አንዱ ደግሞ፣ “ዛፍ ጠበል ያደርቃል እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ተበተኑ።

መጥረቢያዬን ስዬ ወረድኩ። የተከተለኝ የለም።

መጋቢት 29

አሥራ አንዱ ወደቁ። መዳፌ ተልጧል። ማትያስን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ ላቀች ቅሉን አስቀምጣ የምትደገፈው እሱን ነበር። ዛሬ አቅፌው አለቀስኩ። ነገ...

መጋቢት 30

ቆረጥኩት።

ሚያዝያ 30

ዝናብ ገና ጠብ አላለም፤ ምንጩ ግን መጣ። ቀጭን፣ ጥሩ። እልልታው እዚህ ድረስ ተሰማ። ምህላችን ተሰማ ይላሉ። ይበሉ። ጉቶዎቹ ማቆጥቆጥ ጀምረዋል፤ ቡቃያውን በየሳምንቱ እየወረድኩ እመለምላለሁ።

ግንቦት 7

ዛሬ አርብ ገበያ ሄድኩ። ይታይሽ ፈትል ዘርግታ ተቀምጣለች። ከስታለች። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

“ውሃው መጥቷል። ያደረቀው የኔ ዛፍ ነው፣ ለሁሉም ተናግሬአለሁ። ተመለሽ።”

“መቼ አወቁ፣ የኔታ?”

ዓይኔን ፈትሉ ላይ ጣልኩ።

“ያን ቀን፣ ዳገቱ ላይ ያውቁ ነበር?”

“አዎ።”

ፈትሏን መጠቅለል ጀመረች። ቀና ብላ አላየችኝም። “እኔ እኮ እውነት መስሎኝ ነበር” አለች። “ራሴን ስጠላ ከረምኩ። አልመለስም። በደህና ይግቡ።”

ስመለስ ይህን ደብተር ገለጥኩ። ያወቅሁት መጋቢት 6፣ የተናገርኩት 17። አሥራ አንድ ቀን። ከዚያ ውስጥ በአንዱ ብናገር ኖሮ አትሄድም ነበር።

ዛፎቹ ከወደቁ ወዲህ ነፋሱን የሚከልል የለም። ከበራፌ ሆኜ ውሃው ሲወርድ እሰማለሁ።