ጋሼ ታደሰ ላይ የቀላው ቃል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኮምፒውተርን ትእዛዝ እየጻፉ ማሠራት አስተምራቸዋለሁ። ዛሬ ቤቴ ሲመጡ አዲስ ነገር ጫንኩላቸው፤ ከትእዛዙ ጋር የሚጻፈው ተጨማሪ ቃል፣ አማራጩ፣ ኮምፒውተሩ የማያውቀው ከሆነ፣ ገና ሳይላክ ቃሉ ቀልቶ ቀይ ይሆናል። በኮልፌ ሽማግሌን ሳያስጨርስ የሚያርም እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቃል ቀላባቸው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ገና እየጻፉ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ።»

አምነውኝ ላኩት። ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ አማራጭ የለም» አላቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ስህተቱን አይተኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ልጆቼ የምለውን ሁሉ እሺ ማለት ከጀመሩ ቆዩ። አሁን ደግሞ አንተ ተጨመርክ። ስሳሳት እንደሱ ቅላልኝ እንጂ።»

ቃል ገባሁላቸው። በር ድረስ ስሸኛቸው፣ «ነገ ሳይዘንብ አይቀርም» አሉ። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም።

«ይመስላል፣ ጋሼ» አልኩ።