ጋዝ ስልሽ ላምባ አይደለም

ገና ፖስታውን ሳትከፍቺ ለምትቆጪኝ ለእማዬ፤

ጤናሽን ከየት ጀምሬ ልጠይቅ? ጉልበትሽ ደረጃውን እንዴት ይዞታል? ያ ቀኝ ዓይንሽስ ማልቀሱን ተወ? አባባስ ሬዲዮናቸውን አቅፈው መተኛታቸውን አልተዉም? እኔ ደህና ነኝ። ወፈር ብያለሁ፤ ደስ እንደሚልሽ ስለማውቅ ነው የምነግርሽ።

ወንድም ጋሼ መልእክትሽን ሳይቀንስ አድርሶኛል። «ለሰው ላምባ እያጠጣች የምታመጣው ደመወዝ ይቅርብኝ፤ ያን ሥራ ካልተወች ምርቃቴን አታገኝም» ብለሻል አሉ። ኧረ እኔ ልሙትልሽ! በስልክ «ውሃ ውስጥ ጋዝ የምንጨምርበት ፋብሪካ ገባሁ» እንዳልኩሽ መስመሩ ተቋረጠ፤ አንቺ ደግሞ ጋዝ ሲባል የምታውቂው የኩራዙን ነው። አክስቴማ ወሬውን ለሰፈሩ እስክታዳርስ እግሯ መሬት አልነካም ይሆናል።

እማዬ፣ የኛ ጋዝ አየር ነው፤ ስትተነፍሺ ከአፍሽ የሚወጣው ዓይነት። ለስላሳ ሲከፈት «ፍስስ» የሚለው እሱ ነው። ላምባማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ መች ይሟሟል! ማቀዝቀዣ የሚጠግኑት ሽማግሌ እንዳስረዱኝ የጋዝም ጠባዩ እንደ ሰው ለየቅል ነው። አሞኒያ የሚሉት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጋዝ ውሃ ካየ ሳይጠሩት ዘሎ ይገባል፤ ቁርጥ አክስቴን። ኦክሲጅን ግን ኩሩ እንግዳ ነው፤ «ግባ» ቢሉት ደጃፍ ላይ ይግደረደራል። የሚገባው ጥቂት ነው፤ ዓሣ የሚኖረውም በዚያችው ነው። የኛው መሐል ሰፋሪ ነው፤ ውሃው ከቀዘቀዘለትና ገፋ ካደረጉት ይገባል።

ይህቺ ቅዝቃዜ ናት ያስከበረችኝ። ባለፈው ሳምንት ጠርሙሱ ሁሉ ሲከፈት ዝም አለ። ድምፁ ከማሽኑ ስለሚበልጥ «ጡሩምባ» የምንለው አለቃችን፣ «ስኳር በሙቅ ውሃ አይደል የሚሟሟው? ውሃውን አሙቁት!» ብሎ አንባረቀ። እኔስ አፌ መች ያርፋል? «ጋሼ፣ ስኳር ሙቀት ይወዳል፤ ጋዝ ግን ሲሞቀው ቤቱን ጥሎ ይሄዳል» አልኩት። ሽማግሌው ሄደው ቢያዩ ለካስ ማቀዝቀዣው ከቆመ ሰንብቷል! ተጠግኖ ውሃው ሲበርድ ጠርሙሱ አፉን ፈታ። ጡሩምባ ሁለት ቀን ካኮረፈ በኋላ የቋሚ ሠራተኛ ቅጽ አምጥቶ፣ «ምላስሽ ረጅም ነው፤ ግን እንዳትሄጂብኝ» አለኝ።

እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲታገሠኝ ለምኜዋለሁ። አንቺ ሳትመርቂኝ እጄ አይፈርምም። ስለዚህ እንወራረድ፤ በማይጠጣበት ብርጭቆ ውሃ አድርጊና ከኩራዙ ጠብ አድርጊበት፤ እስኪደክምሽ አማስዪው። ከሟሟልሽ በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ከች እላለሁ። ካልሟሟ ግን ምርቃትሽን ለወንድም ጋሼ ንገሪው፤ እሱ ይደውልልኛል።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ወንድም ጋሼን ከነሚስቱ ሰላም በይልኝ፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚና ብርጭቆዋን ከእጃቸው አርቂ። አክስቴም ትምጣና በዓይኗ ትይ፤ ያዳረሰችውን ራሷ ዞራ ታስተባብል።

ብዕሬን ከፍቼ አፍሽን የምጠብቅ፣
ለፍላፊዋ ልጅሽ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ጥር 14 ቀን