ሻንጣው ሲካስ ሰው ቀረ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። የወጣሽበት በር በጤና ይመልስሽ፤ ክፉ ነገር በደጅሽ አይለፍ። እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቴን እያለ ጣሪያ ላይ መውጣቱን አልተወም፤ ብለው ብሠራው አልሰማ ብሏል።

ግን ጉድ ልንገርሽ! ልብስ ሰፊዋ አክስትሽ ለእረፍት ውጭ አገር ሄዳ አልነበር? የጉዞ ኢንሹራንሷን ወረቀት እንዳይጠፋባት ካፖርቷ ገበር ውስጥ ሰፍታው ነበር የሄደችው። እዚያ ወረርሽኙ ያዛት። ሆቴሉ ከክፍልሽ እንዳትወጪ ብሎ ምግቧን በር ላይ ያስቀምጥላት ጀመር። እሷም ገበሩን ተርትራ፣ ወረቀቱን አውጥታ ኢንሹራንሱ ጋ ደወለች። ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ሻንጣዎ ከጠፋ እንክሳለን፤ ወረርሽኝ ግን አይካተትም።»

ክው ብዬ ቀረሁ! ዓለም ሁሉ የሚፈራውን በሽታ፣ እሱኑ ለይተው ይተዉት? ሰው ከሻንጣ ያንሳል? ተመስገን፣ አሁን ድናለች። ሻንጣዋን ግን ባየችው ቁጥር በእርግጫ ትለዋለች።

አንቺም ለእረፍት ልትጓዢ እንደሆነ ወንድምሽ ነግሮኛል። አልከለክልሽም፤ ደክመሻል። ብቻ ኢንሹራንስ ስትገዢ አትፈሪ፣ «ወረርሽኙስ?» ብለሽ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የሚያዝንልሽ ሰው አያሳጣሽ። ካንገራገሩብሽ ግን እባክሽ ልጄ፣ ለእረፍትሽ እኔው ጋ ነይ። እናትሽ ቤት የማይካተት በሽታ የለም።

እናትሽ