ባለ ሦስት እጀታው ጀሪካን

ጥር 8፣ ሰኞ። ጠዋት።

ፓምፗ ዛሬም አልነሳ አለች። ገመዱን ስቤ ስቤ መዳፌ ተላጠ። ሁለቴ ታስላለች፣ ከዚያ ዝም። ካንዴላውን ፈትቼ ጠረግኩ። እንደገና ሳብኩ። ዝም። ሽንኩርቱ ጭንቅላት መያዣ ጊዜው ነው፤ አሁን ውሃ ካጣ የአውራ ጣት ያህል ሆኖ ይቀራል። የዓመት ቀለቤ እሱ ነው፣ ሌላ የለኝም።

ሐይቁ ደግሞ ሸሽቷል። በየዓመቱ ጥር ላይ ይሸሻል፣ ዘንድሮ ግን ከእኔ የሚሸሽ ይመስለኛል። ውሃው በራቀ ቁጥር ፓምፗን ወደ ታች አወርዳታለሁ። እሷ በራቀች ቁጥር የቤንዚን ሸክሙ መንገድ ይረዝማል። እዚያው እንዳልተወው ሌባ አለ። አንተ ደብተር፣ ትራስ ሥር ተጋድመህ ይሄን ከየት ታውቀዋለህ።

በቀለ ቢኖር ድምጿን ሰምቶ ብቻ ሕመሟን ይነግረኝ ነበር። ባሌ ከሞተር ጋር ነው የሚያወራው። ከእኔ ጋር የሚያወራው ጀሪካን ተሸክመን ወደ ሐይቁ ስንወርድ ብቻ ነበር። ሰኔ ላይ ከሚሊሻው ጋር ዘመተ። ከመስከረም ወዲህ ወሬው የለም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት።

መካኒኩን ከቆቃ ከተማ አመጣሁት። ካርቡራቶሩን ፈታና በነጭ ጨርቅ ላይ አራገፈው። የወጣውን ሲያይ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዝገትና የበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪ።

የጀሪካኑ ክዳን ጎማው አርጅቶ አልገጥም ሲለኝ አፉን በቆረቆንዳ ወትፌው ነበር። ነጭ ጋዝ በቆረቆንዳ ይወተፋል፣ ዘይት ይወተፋል፣ አረቄ ይወተፋል፤ ቤንዚንን ምን ልዩ አደረገው? በቀለ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ ክብ ጎማ ቆርጦ ያለብሰው ነበር፣ በየክረምቱ። ቁጭ ብዬ እያየሁት አንድ ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

መካኒኩ አጥቦ አስነሳትና ሌላም አለ። የቤንዚን ኮታችን ስለቀነሰ ጀሪካኑ ሁልጊዜ ግማሹ ባዶ ነው፤ ባዶው ብረት ሌሊት ውስጡን ያልበዋል፣ ይዝጋል፣ ዝገቱ ወደ ሞተሯ ይወርዳል። ለትንሽ ሞተር ትንሽ ዕቃ ያዢ፣ አፉ ጠባብ፣ ክዳኑ በጥምዝ የሚዘጋ። ይሄ የወታደር ጀሪካን የሁለት ሰው ነው ብሎ እጀታዎቹን በጫማው ነካ ነካ አደረጋቸው።

ለእኔ ነው የሚነግረኝ! መሃለኛው እጀታ ለአንድ ሰው፣ ሁለቱ ዳሮች ለሁለት ሰው። የዳሮቹ ቀለም ከመያዝ ብዛት ለቆ ብረቱ ያበራል። መሃለኛው እስከ ሰኔ ድረስ ቀለሙ አልተነካም ነበር።

ጥር 10፣ ረቡዕ። ከተራ።

ሰው ነጭ ለብሶ ታቦት አጅቦ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እኔ ከኋላ፣ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትኩ። ሁለት ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ይሸፍኑ። ሽንኩርት በዓል አያውቅም።

ጫልቱ ከደጇ አየችኝ። ጎረቤቴ፣ በዓሉ የእሷ አይደለም። "ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? ኮቱ፣ ነይ፣ አንዱን ለኔ ስጪ" አለችና አንዱን ዳር ቀማችኝ። ደስ አለኝ። ከሰኔ ወዲህ ያንን እጀታ ሌላ ሰው ሲይዘው የመጀመሪያው ነው።

ጫልቱ አጭር ናት። ጀሪካኑ ወደ እሷ አዘነበለ፣ ቤንዚኑም ወደ እሷ ሄደ፣ ክብደቱ እሷ ላይ ወደቀ። አሳዘነችኝ። ትከሻዬን ጣል፣ ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ አስተካከልኩላት። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጎኔ ተቃጠለ።

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። በቀለ ከእኔ በጭንቅላት ይረዝማል። በዚያ ሁሉ ዓመት ጀሪካኑ ወደ እኔ አዘንብሎ አያውቅም። ማታ ማታ ጎኔን እያለ ሲያቃስት፣ ግማሽ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያቃስት ወንድ አገኘሁ ብዬ እስቅበት ነበር። እሱም አብሮኝ ይስቅ ነበር። ዝቅ ብዬ ነው የምሄደው አላለኝም።

ቆምኩ። ጫልቱ ምን ሆንሽ አለች። ጎኔን አልኳት።

ጥር 13፣ ቅዳሜ።

የገበሬ ማኅበር ስብሰባ። ሊቀ መንበሩ እንደ ልማዱ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አጨበጨብን። ቤንዚን ሎሚ አይደለም ልል ነበር። አላልኩም። ኮታው ከዚህ እንዳይቀንስ ብዬ አጨበጨብኩ።

ቢጫ የዘይት ጀሪካን ተውሼ ሞከርኩ። ፕላስቲክ፣ ቀላል፣ ደስ ይላል። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ሳይሞላው እንደ ተነፋ ሆድ ተነረተ። ክዳኑን ላላ ሳደርገው ተፋብኝ፣ ፊቴን ለጥቂት ሳተኝ። ታችኛው ጥጉም ለስልሷል። ያዋሰችኝ ሴት አሁን ለዘይት አይሆነኝም ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው።

ጥር 18፣ ሐሙስ። ናዝሬት።

ጠዋት ገባሁ። ያደግኩበት ከተማ ነው፤ አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። የማውቀው ሰው እንዳይገጥመኝ እየጸለይኩ ሄድኩ። ማንም አልገጠመኝም። ያ ደግሞ ከፋኝ።

ገበያው ውስጥ የቆርቆሮ ሠሪዎቹ ጋ። መዶሻ፣ ጩኸት። አባ ጀማል የሚባሉ ሽማግሌ። ትልቅ ጀሪካን ስጠይቃቸው ማን ነው የሚሸከመው አሉ። እኔ አልኳቸው። ትልቁን ከፊቴ አነሱት። አምስት አምስት ሊትር ይዘው ትንሽ ቦታ የሚተርፋቸው ሁለት አወጡ፤ ብየዳቸው ጥሩ፣ ክዳናቸው የሚጠመዘዝ፣ ከማፍሰሻ ቱቦው አፍ ላይ ቀጭን ወንፊት ያላቸው። በአንድ እጅሽ ብቻ ከያዝሽ ወገብሽ ይጣመማል፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አሉኝ። እስከ አፍንጫው አትሙዪው፣ ሙቀት ሲያገኘው መተንፈሻ ይፈልጋል። ቀይ ቀለም ቀቢው፣ ውሃ ነው ብሎ የሚያነሳው ሰው አይጠፋም። ከዚያ ሳቁና "ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" አሉ።

ሁለቱ ሲደመሩ ልክ ኮታዬ ናቸው። ግማሽ ባዶ የለ፣ ዝገት የለ። ውሃ ሞልተው በእጄ አስያዙኝ። ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ቀጥ ብዬ። ልክ ለእኔ የተሠሩ።

መግዣ የለኝም፣ ሽንኩርቱ ሳይሸጥ። አባ ጀማል መላ አላቸው። የወታደሩን ጀሪካን አምጪ፣ ሁለቱን ውሰጂ። እንደዚያ ያለ ብረት አሁን አይገኝም አሉ። የማን ነው? አሉኝ። የባሌ ነው። "እንግዲያማ ባልሽን አማክሪና ነይ፣ ልጄ።"

እሺ አባባ አልኩ።

ጥር 22፣ ሰኞ።

ጫልቱ ሄደች። እህቷ ወልዳ አርሲ ነገሌ፣ እስክትጠና አብራት ልትሆን። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ እጇን ይዤ ትንሽ አቆየኋት፣ ረዳቱ ጮኸብን። ቶሎ እመለሳለሁ አለች። በቀለም እንዲሁ ብሎ ነበር።

ብቻዬን፣ በመሃለኛው እጀታ። ግማሽ ጀሪካን ቤንዚን ሲሄዱበት ይንቦጫረቃል፣ ወደፊት ይገፋል፣ ወደኋላ ይጎትታል። የፓምፗ ቤንዚን መያዣ፣ ሰልባቲዮው ውስጥ ላፈስ ሳዘነብለው ጓ ብሎ መጣ፣ ሲሶው አሸዋ ጠጣው። የሳምንት ቤንዚኔ። አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጀልባ ላይ የነበረ ዓሣ አጥማጅ ቀና ብሎ አየኝና መረቡን መሳብ ቀጠለ። ደግ አደረገ።

የሽንኩርቱ ሦስተኛው መደብ ጫፉ ቢጫ ሆኗል።

ጥር 24፣ ረቡዕ።

አንድ ሚሊሻ ቆስሎ ሞጆ ተመልሷል ሲሉ ሰማሁ። ሄድኩ። ደርዘን ሴት ደጁ ላይ። ተራዬ ሲደርስ የበቀለን ስም ነገርኩት፣ ቁመቱን፣ ሲናገር አንገቱን ዘንበል እንደሚያደርግ። አላውቀውም አለ። በጣም አዘነ፣ እኔን ያጽናናኝ ጀመር፣ እሱ ቁስለኛው።

አላውቀውም። ጥሩ ወሬ ነው መጥፎ? ሙሉውን መንገድ ይሄን ሳገላብጥ መጣሁ። ጥሩ አይደለም። መጥፎም አይደለም። ምንም ነው።

ጥር 26፣ ዓርብ።

ጀሪካኑን አጠብኩት። በአሸዋ፣ በጨርቅ፣ አራገፍኩት፣ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። ለሽያጭ በግ የማጥብ መሰለኝ። ከክዳኑ ላይ ያረጀችውን ጎማ በቢላ አወጣኋት፤ በመቀስ የተቆረጠች፣ አንድ ጎኗ ጠማማ። በቀለ ክብ መቁረጥ አይሆንለትም።

ከዚያ ጎማዋን መልሼ ከተትኳት። አልሰጥም አልኩ። ማታ ወጥቼ ሽንኩርቱን ቆፍሬ አየሁ። የአውራ ጣት ያህል።

ጥር 27፣ ቅዳሜ።

ሄድኩ።

ኬላው ላይ አወረዱኝ። የወታደር ዕቃ ነው፣ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ከየት አመጣሽው። ጠባቂው ጠበንጃው ከእሱ ይከብዳል። ባልሽ የት ነው አለ። "ሰሜን ዘምቷል። ካገኘኸው ለኔም ንገረኝ" አልኩት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ጠባቂው ልጅ ጀሪካኑን ራሱ አንስቶ መልሶ ጫነልኝ። በመሃለኛው እጀታ።

አባ ጀማል አንኳኩት፣ አሸተቱት፣ ወደዱት። ከዚያ ጠየቁኝ፣ ባልሽ ምን አለ?

ይሁን አለ አልኳቸው።

ባርከህ ስጥ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፣ አላህ ትዳራችሁን ያጥና አሉ። አሜን አልኩ። ሁለቱን ትንንሾች ይዤ ወጣሁ፣ ዞሬ አላየሁም። አውቶቡስ ውስጥ እጄን ኪሴ ብከት ጎማዋ አለች። መቼ እንዳወጣኋት አላስታውስም።

የካቲት 2፣ ሐሙስ። ከሰዓት።

ቀይ ቀባኋቸው። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። መንገዱ አጠረ። አልተንቦጫረቀ፣ አልፈሰሰ፣ ጎኔን አላመመኝ። በቱቦው ቀስ ብሎ ገባ፣ ጠብታ አልባከነም። ፓምፗ ገመዷን ሁለቴ ስስብ ተነሳች። ውሃው በቦዩ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ፣ እስከ ሦስተኛው መደብ። ከመሃሉ የሞተ አለ፣ የሚበዛው ግን ይተርፋል። መካኒኩ ልክ ነበር፣ አባ ጀማልም ልክ ነበሩ። ከመጀመሪያው እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

እንደዚህ ፈጥኜ ሐይቁ ደርሼ አላውቅም። ሁለት እጄ ተይዞ፣ በግራና በቀኜ ቆርቆሮ። ቃል ሳልተነፍስ ሄጄ ቃል ሳልተነፍስ ተመለስኩ። የሚያናግረኝ ሰው በየትኛው በኩል ይቁም?

በቀለ ስሚኝ ብሎ ይጀምራል፣ ሲመጣ። መጀመሪያ ፓምፗን ያያል፣ ከዚያ ጓዳ ይገባል፣ ከዚያ ጀሪካኔስ ይላል። ለወጥኩት እለዋለሁ። ያንን ጀሪካን? ለቆርቆሮ? ይቆጣል። በቀለ ሲቆጣ ቤቱ ይናወጣል፣ አውቀዋለሁ።

ይምጣና ይቆጣኝ።