አምስተኛው ቀለም

ማክሰኞ

እሺ አልኩት። ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም።

የደወለው የሊን ወንድም ነው። ከክፍል ወጥቼ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳራግፍ የማላውቀው ረጅም ቁጥር ስልኬ ላይ መጣ። ሊን ድንገት ቢያስፈልግ ብላ የእኔን ቁጥር ለቤተሰቧ ሰጥታ ነበር። እንግሊዝኛው እንደ ተማሪዎቼ ነው፤ ቃል ይፈልጋል፣ ይቆማል፣ ሌላ ቃል ይፈልጋል። «አያታችን ሞተች። ትናንት። ለሊን አትንገሪያት። ቅዳሜ ፕሮግራሟን ትጨርስ፣ ከዚያ እኔ እነግራታለሁ። እኛ አገር ሩቅ ላለ ልጅ ቶሎ አይነገርም።» ከዚያ ድምፁ ተቆራረጠ፤ ያለቀሰ መሰለኝ። ለሚያለቅስ ሰው እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ሊን ከቻይና፣ ጓንግሺ ከሚባል አገር መጥታ እዚሁ ሶዶ ስለ ሥራ ሥር ተክሎች የምታጠና ልጅ ናት። ሰርቪስ ቤታችንን ተከራይታ ገባች፣ አሁን ግን ተከራይ መሆኗን ሁላችንም ረስተነዋል። ወላጆቿ ፋብሪካ ሲሠሩ ያሳደገቻት ይህችው አያቷ ናት። ቅዳሜ የውጭ ተማሪዎች አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የትውልድ አገራቸውን ያስተዋውቃሉ። የሊን አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ዝግጅቱ ስለ ጓንግሺ ይባል እንጂ ከላይ እስከ ታች አያቷ ናት፤ የአያቷ ቤት፣ የአያቷ ማሳ፣ የአያቷ ምግብ።

ቤት ስደርስ ሊን ማድ ቤት ነበረች፣ እጇ እስከ ክርኗ በቀይ ሥር ተነክሮ። በአገሯ በአንድ የፀደይ በዓል አምስት ቀለም ያለው ሩዝ ይበላል፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር። አያቷ ቀለሙን ከቅጠልና ከአበባ ታወጣዋለች፤ ሊን ደግሞ ከሶዶ ገበያ ላወጣው ብላ ቆርጣ ተነስታለች። «ሰናይት፣ ነይ ቅመሺ» አለችኝ እየሳቀች። ራሴን አሞኛል ብዬ ክፍሌ ገባሁ።

ረቡዕ

ገበያ ጎትታኝ ሄደች። የተገኘ፦ ለቢጫው እርድ፣ ለቀዩ ቀይ ሥር፣ ለሐምራዊው ሐምራዊ ጥቅል ጎመን። ያልተገኘ፦ ጥቁር። አያቷ ጥቁሩን የምታወጣው ከአንድ ዛፍ ቅጠል ነው። ቅጠሉን ወቅጣ ትዘፈዝፈዋለች፣ ከዚያ የሆነ ነገር ታደርግበታለች። ያንን የሆነ ነገር ሊን ልጅ ሆና ልብ አላለችውም። «ችግር የለም፣ ደውዬ እጠይቃታለሁ» አለች።

ጎደሬ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሊን ደክሟት ነው ብላ ውኃ ገዛችልኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጎደሬ መምረጥ ጀመረች። ጎደሬ ስታይ ማለፍ አትችልም። በአገሯ የሠርግ ምግብ ነው፣ ከአሳማ ሥጋ ጋር ተደራርቦ ይቀርባል። ይህን የነገረቻት ቀን እማዬ «ያንን ስም ድስቴ አጠገብ እንዳትጠሪው» ብላት ሦስታችንም በሳቅ ሞተን ነበር።

ደወለች። ወንድሟ «ተኝታለች» አላት። ቆይታ ደግሞ ሞከረች፣ «ማሳ ሄዳለች» አላት። ሊን «በዚህ ሰዓት ማሳ?» ብላ ስልኩን አየችው። እኔ ጥቅል ጎመኑን እየላጥኩ ነበር። ጥቅል ጎመን እንደማይላጥ ትዝ ያለኝ ግማሹን ከጣልኩ በኋላ ነው።

አልቻልኩም፣ ለእማዬ ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በወላይትኛ እያንጎራጎረች አለቀሰች፤ አንድም ቀን አይታት ለማታውቀው ሴት። ከዚያ ተቆጣች። ወንድምየውን ሳይሆን እኔን። ስሜቷ ሲነካ አማርኛዋ ይምታታባታል፣ ሊንን «እሱ» ትላታለች።

«ይሄ ልጅ ማነው ለሱ እዚህ? እናት አለው? አባት አለው? እኛ ነን። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሰው መሃል ነው የሚነገር።»

«ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ብያለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ እማዬ።»

«ቃል የገባሽው ለማታውቂው ሰው። ይሄን ልጅ ግን ታውቂዋለሽ።»

ሐሙስ

ጉድ ፈላ። እማዬ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ዳንኤል ነግራዋለች። ለምክር ብዬ ነው ትላለች። ጋሽ ዳንኤል ደግሞ ለሚስቱ ነግሯታል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ያውቃል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ ሊንን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዷ የተቀቀለ ጎደሬ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ይዛላት መጣች። ሌላዋ ማር። የሱቁ ባለቤት፣ ያ አንድ ክብሪት በዱቤ የማይሰጥ ሰውዬ፣ ብስኩት ሰጥቶ ሂሳቡን አልቀበልም አላት።

«ዛሬ ምን በዓል ነው?» አለችኝ ሊን። «ሰው ሁሉ ለምንድነው እንዲህ የሚያየኝ?»

«ቅዳሜ ስላለሽ እያበረታቱሽ ነው።»

ይባስ ብሎ ከሰዓት በኋላ አክስቴ አስቴር ጥቁር ለብሳ ከሻንቶ በሚኒባስ ደረሰች። ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሳ በሩ ላይ ያዝኳት።

«አስቱ፣ አልተነገራትም።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ማን ጠራሽ?»

እየጎተትኩ በጓሮ አስገባኋት። ሊን በመስኮት አይታን እጇን አወዛወዘችልን። አክስቴ ፈገግ ብላ መለሰችላትና ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። አሁን እኔ ክፍል አልጋ ላይ ተጋድማ ሬዲዮ እየሰማች ነው፤ ጥቁር ልብሷን በእኔ ቢጃማ ቀይራለች። መሄድ እምቢ ብላለች። ምን እንደምሠራ አላውቅም።

ዓርብ

ይህን መጻፍ አልፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ አደረግን። እሷ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ። ላፕቶፑ ላይ ፎቶዎች አሉ፤ ከሜዳ መሃል ብድግ ብለው የቆሙ አረንጓዴ ተራሮች፣ ወንዝ፣ የቀርከሃ ታንኳ። ከዚያ አያቷ። አጭር ሴት ናት፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ጎደሬ ማሳ ውስጥ ቆማለች፣ ቅጠሉ ጆሮዋ ድረስ ይደርሳል። ሊን «በሚቀጥለው የፀደይ በዓል እሷ ጋ እሆናለሁ፣ ጥቁሩን ቀለም ታሳየኛለች» አለች። እኔ አልተረጎምኩም።

ላፕቶፑን ዘጋችው።

«ሰናይት። ወንድሜ ስልክ አያነሳም። የምታውቂው ነገር አለ? አያቴ ታማለች?»

«አይ» አልኩ። «ደህና ናት።»

ደህና ናት። ዓይን ዓይኗን እያየሁ። እሷ እኮ አመነችኝ። ትከሻዋ ወረደ፣ ተነፈሰች፣ «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ብላ ሩዟን ልትዘፈዝፍ ሄደች። የት ልግባ?

እማዬ ሁሉንም ከበሩ ጀርባ ሰምታለች። አልጮኸችብኝም። «ነገ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ስለ አያቷ ስታወራ ግማሹ ሰፈር እዚያ ቁጭ ይላል፣ ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ በማይክ ትተረጉሚያለሽ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነቴን ነው፣ አንዴም አላሰብኩትም። ለወንድሟ መልእክት ላኩለት፣ አልመለሰም። ጋሽ ዳንኤል መርዶውን ሊነግራት ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣል። እሺ አልኩ። ይኸው ደግሞ እሺ።

ቅዳሜ

መጡ። ጋሽ ዳንኤል፣ ሚስቱ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እማዬ፣ አክስቴ። ሊን ለፕሮግራሙ ያዘጋጀችውን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ወጣች። ያን ሁሉ ሰው ስታይ «እናንተም ልትሄዱ ነው?» ብላ ሳቀች። ጋሽ ዳንኤል ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ልጄ፣ ሁላችንም የምድር እንግዶች ነን። አያትሽ አርፈዋል።»

የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

አላለቀሰችም። ሴቶቹ አለቀሱ፣ እሷ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ እኔን ብቻ እያየች «መቼ?» አለች። «ሰኞ» አልኳት። ሊን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀኖቹን ቆጠረች። «ትናንት ደህና ናት ብለሽኛል።» በአማርኛ ነው ያለችው፣ ሁሉም ሰማ። ክፍሏ ገብታ ቆለፈች።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ደውዬ ዝግጅቷን ሰረዝኩ። ወንድሟ ደውሎ ጮኸብኝ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ደግሞ ጮኸ። ሁሉንም እሺ እያልኩ ሰማሁት።

ምሳ አልበላችም። ሻይ በሯ ላይ አስቀመጥኩ፣ ቀዘቀዘ። በሩን አንኳኳሁ፣ ስሟን ጠራሁ፣ መልስ የለም። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው ሲመጡ «አባል አይደለችም እኮ» አልኩ፤ እንዲመለሱልኝ ፈልጌ ነው፣ እንዳናስቆጣት ፈርቼ። ጋሽ ዳንኤል «እናትሽ አባል ናት፣ ልጅቷም የቤቷ ልጅ ናት» አለና ችካል መምታት ጀመረ። ሴቶች ሰሌን ዘርግተው በሯ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ያለቅሳሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ያለቅሳሉ። እሷ ውስጥ ሆና ምን እያሰበች እንደሆነ አላውቅም። በመስኮቱ ሊሰማ የሚችል ትንፋሽ እንኳ የለም። አንድ ነገር ብታደርግስ? ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እሑድ

ጠዋትም አልከፈተችም። በሩን በጉልበት እንክፈተው ብዬ ለመንኩ፣ እማዬ ከለከለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየለበሱ ደግሞ መጥተው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቆየ፣ ደግሞ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ወጣች። ፊቷ አብጧል። ሴቶቹን አየቻቸው፣ አንድ በአንድ። «ነጭ» አለች። እማዬ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ሊን የእማዬን ነጠላ በጣቷ ነካ አደረገች። «በእኛም አገር ለሐዘን ነጭ ነው።» እዚያው ሰሌኑ ላይ፣ እማዬ እግር ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ የድንኳኑን ምሰሶ ይዤ ቀረሁ።

በኋላ ማድ ቤት ገብታ ትርፍ ሩዟን ዘፈዘፈች። ከሰዓት በኋላ በእንፋሎት አበሰለችው። ላፕቶፑን አውጥታ ወንበር ላይ አያቷን አስቀመጠች፣ ያቺን ጎደሬው መሃል የቆመችውን። ሴቶቹ ተጠጉ። ጥያቄው መጣ፤ አገሯ የት ነው፣ ስንት ልጅ ወለዱ፣ ባል ነበራቸው ወይ፣ ምን ይበሉ ነበር። የሊን አማርኛ አልበቃም። ዞር አለች። እኔን ሳታይ፣ ወደ እኔ ግን፣ «ንገሪያቸው» አለች።

ነገርኳቸው። ተራሮቹን፣ ወንዙን፣ ያን በዓል። በበዓሉ ወጣቶች በዘፈን እንደሚጠያየቁ፣ ቤተሰብ ደግሞ መቃብር አጽድቶ ሩዙን ለሙታን እንደሚያቀርብ። ሩዙ ለዚያም እንደሆነ እኔ ራሴ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ዳንኤል ስክሪኑ ላይ አቀርቅሮ ቆየ። «ቦይና ነው እኮ» አለ፤ ጎደሬን ነው፣ በወላይትኛ። «አተካከላቸው ጥሩ ነው። መስመሩን እዩት።» ከዚያ በኋላ ሴቶቹ «የሊን አያት» ማለት ትተው «እማማ» ማለት ጀመሩ።

ሊን ሳህኑን አመጣች። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ። አምስተኛው ቦታ ባዶ ነው። አክስቴ ሐምራዊውን ወደዚያ ልትገፋው እጇን ስትሰድ ሊን ያዘቻት። «ጥቁሩን የምታውቀው እሷ ናት። ይቆይ» አለች። ለሁሉም በእጇ አቀረበች። እኔን አለፈችኝ።

ሰኞ

ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። በእጇ ሳህን የለም፣ ምንም የለም።

«ወንድሜን አናግሬዋለሁ» አለች። «ጥቁሩን እሱም አያውቅም። እናቴም አታውቅም።»

«አዝናለሁ ሊን።»

«አውቃለሁ። ገና ተናድጃለሁ።» የበሩን መቃን ያዘች። «እናቴ የልብ በሽተኛ ናት። ከእንግዲህ እዚያ አንድ ነገር ቢሆን፣ ወንድሜ የሚደውለው ለአንቺ ነው። ነግሬዋለሁ። አንቺ ደግሞ በዚያው ቀን ትነግሪኛለሽ። ፈተና ቢኖርም። ፕሮግራም ቢኖርም።»

እማዬ ከማድ ቤት ሆና መክተፏን አቆመች።

እሺ አልኳት። ለወንድሟ እንዳልኩት አይደለም። አሁን ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ናቸው። ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ዓይኔ ከእሱ አልነቀል ብሏል።