ከሳህናቸው ሥጋ የሚነጠቁት ወይዘሮ ቪኒያና

ወይዘሮ ቪኒያና ናይሎማ ከአባታቸው ከአቶ ሴሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሜ በፊጂ፣ በካዳቩ ደሴት፣ በናሶኪያ መንደር እ.ኤ.አ. በ1947 ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በደሴቲቱ ተማሩ። በ1968 ዓሣ አጥማጁን አቶ ጆኔን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። በሚሠሩት ምንጣፍና በድምፃቸው የታወቁ ነበሩ፤ ያለ እርሳቸው ዘፈን ድግስ አይደምቅም ነበር።

በ1985 ሶሪያሲስ የሚባለው፣ ሰውነት የገዛ ቆዳውን የሚያጠቃበት ሕመም ያዛቸው። ክርናቸውና ጉልበታቸው ቀልቶ ይላጥ ጀመር። ያን ጊዜ ዘመድ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዷ ዓሣ፣ ሌላዋ እንቁላል፣ ሌላዋ የኮኮናት ወተት ከለከለቻቸው። የቀራቸው ቅቅል ካሳቫና ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ ነበር። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጀልባ ሰመጠ የምትለው ልጃቸው ሊቲያ፣ «እናቴ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው!» ብላ እያለቀሰች ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋም፣ «የሚያድን ምግብ የለም፤ ሐኪም ያዘዘልዎትን የቆዳ ቅባት አያቋርጡ። ግን ዓሣውንና የጎደሬ ቅጠሉን ማን ከለከለዎት? የሚቀነሰው የቆርቆሮ ሥጋውና ስኳሩ ነው» አለቻቸው።

ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነበር። በድግስ ላይ ግን የቀረበን የቆርቆሮ ሥጋ መመለስ ደጋሹን ማዋረድ ስለሆነ፣ ወይዘሮ ቪኒያና ከድግስ ቀሩ። ዘፈናቸውም ቆመ።

ከባሕሩ ማዶ ባለው መንደር የሚኖሩት አቶ ኢሊዬሳ ይህን ሰሙ። የሁለቱ መንደሮች ሰዎች ታውቩ፣ ማለትም በወግ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ መሰዳደብና አንዱ የሌላውን መውሰድ መብታቸው ነው፣ የተቆጣ ያፍራል። በአንድ ሠርግ ላይ ወይዘሮ ቪኒያናን አስገድደው አስመጧቸውና ከሳህናቸው ሥጋውን ነጥቀው የራሳቸውን ዓሣ ጣሉላቸው።

«አንቺ ባለ ቅርፊት፣ ያንቺ ዘመድ ይኸው ነው!»

ከዚያ ቀን በፊት ስለ ቆዳቸው በፊታቸው የተናገረ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ቪኒያና ግን፣ «አንተ ሌባ! አያትህም ሌባ ነበሩ!» ሲሉ ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ደጋሿም አልተቀየመችም፤ በታውቩ ማን ይቀየማል?

ከዚያ ወዲህ አቶ ኢሊዬሳ በየድግሱ ሥጋቸውን እየነጠቁ በዓሣ ስለሚለውጡላቸው ድግስ አልቀረባቸውም። ሕመሙ አልጠፋም፣ አንዳንዴ ያገረሽባቸው ነበር፤ ቢሆንም ክንዳቸውን ሳይሸፍኑ ይዘፍኑና ይጨፍሩ ነበር።

ወይዘሮ ቪኒያና በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በኅዳር 2023 በ76 ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆችና አሥራ አንድ የልጅ ልጆች ትተዋል።

ከቀብር በኋላ የእርሳቸው ሳህን በአቶ ኢሊዬሳ ፊት ይቀርባል። ዛሬ ሥጋውም ዓሣውም የእርስዎ ነው፣ አቶ ኢሊዬሳ፤ ሌባ የሚልዎት ግን የለም።

ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ ማንም ከማይቀርበት ገበታ ያስቀምጥልን።