በሩ ላይ የጻፍከው 31.4

ለአባዬ፣

ካጣንህ ስምንት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር የሚባለውን ሰላምታ ትቼዋለሁ፤ ብስጭቴ አላስጀምር አለኝ። በሞተ አባት መናደድ ነውር ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ዋጥኩት። አልዋጥ አለ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ጋራዡን ጎማ ለሚሸጥ ሰው አከራይተነዋል። ወንድሜ ናቲ መቂ ወርዶ የሽንኩርት ደላላ ሆኗል። ከባጃጅ ሞተርና ከውሃ ቧንቧ በእጅህ የሠራሃት ጎ-ካርት፣ ያቺ ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና፣ ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ሞተሯን በየሳምንቱ የማስነሳው እኔ ነኝ። ጋራዡ በር ላይ በቀይ ቀለም የጻፍከው "ናቲ 31.4"ም እንዳለ ነው። ተከራዩ በሩን ልቀባ ቢል እማዬ አልቅሳ አስተወችው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወንጂ መውጫ ያለው የተዘጋ መጋዘን ግቢ ስንሄድ እንዴት ደስ ይልህ ነበር! አሮጌ ጎማ ደርድረህ መታጠፊያ ትሠራለህ። ትልልቆቹ የመኪና ተወዳዳሪዎች ሁሉ በልጅነታቸው የጀመሩት ከጎ-ካርት ነው እያልክ፣ አንድ ቀን ከአዳማም እንዲህ ዓይነት ሹፌር እንደሚወጣ ትምላለህ። ናቲ ይነዳል፣ አንተ መታጠፊያው ላይ ቆመህ ትጮኽበታለህ፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። አንድ ዙር ልንዳ ብዬ ስንቴ ለመንኩህ? የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ብለህ ደብተር ሰጠኸኝ። ሽፋኑ ላይ "የናቲ ሰዓት" ብለህ ያስጻፍከውም እኔኑ ነው። እስካሁን ያቃጥለኛል።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ደራ መንገድ ላይ የቆመ አይሱዙ ልትጠግን የሄድክበት ቅዳሜ ትዝ ይልሃል? ያን ቀን ናቲ ሁለት ዙር ነድቶ ሰለቸውና ሄልሜቱን አውልቆ ሰጠኝ። መቀመጫዋን የቆረጥካት በእሱ ወገብ ልክ ነበር፤ እኔ ከጀርባዬ ጋቢ አጣጥፌ አደረግኩና ነዳሁ። ሰዓቱን የያዘው እሱ ነው። ዙሩን በ31.4 ሰከንድ ጨረስኩት። የእሱ ምርጥ ሰዓት 33 ነበር። ሁለታችንም ፈራን። እኔ እንደነዳሁ ብታውቅ ጎ-ካርቷን ትቆልፍብናለህ ብለን፣ በዚያው በሚያምረው ጽሑፌ በእሱ ስም መዘገብኩት።

ስትመለስ ደብተሩን ገልጠህ አየህና ግንባሩን ሳምከው። እጅህ ላይ ግሪሱ ገና አልለቀቀም ነበር። በማግስቱ ቀይ ቀለም ገዝተህ በሩ ላይ ጻፍከው፤ ከአርሲ ለሚመጣ ሹፌር ሁሉ ስታሳይ ሰነበትክ። እኔ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ምናለ ያኔ በተናገርኩ! ዛሬ ነገ ስል ደም ግፊቱ ቀድሞኝ ወሰደህ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። ልጆችን በጎ-ካርት የሚያሠለጥን ነው፤ በሕይወት እያለህ ስለዚያ ሰዓት ነግረኸው ኖሯል። የፊታችን ቅዳሜ ልጁን ሊያይ ይመጣል። ናቲ እኔ ከእንግዲህ አልነዳም አለ። የነዳሁት እኔ ነኝ ስል እማዬ ፊቷ ተለወጠ፤ የሞተ ሰው ደስታ ትነጥቂያለሽ ወይ አለችኝ። ደብተሩን አምጪ አለች፣ አመጣሁት። የማን ስም አለበት? በማን እጅ ተጻፈ? ብላ አፋጠጠችኝ። ናቲ ጋ ደውዬ እውነቱን ንገራት አልኩት። አባዬ ኮርቶብኝ የሳመኝ ያቺን ቀን ብቻ ነው፣ እሷንም ልትወስጅብኝ ነው አለኝ። በእሱ ልናደድ ፈልጌ አቃተኝ። በአንተ ተናደድኩ። ምን ነበረበት ሁለታችንንም ብትስመን?

በመጨረሻ ለአሠልጣኙ ራሴ ደወልኩለት። የነዳሁት እኔ ነኝ፣ ሴት ነኝ አልኩት። ስሙ አይጨንቀኝም፣ የሚነዳው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይገኝ አለ። እማዬ እስካሁን አላናገረችኝም። ትናንት ግን ናቲ ከመቂ መጣ። ጓሮ ገብቶ ሸራውን ገፈፈና መቀመጫዋን ፈቶ በእኔ ልክ ያጠብባት ጀመር። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

በሩ ላይ የጻፍከውን አልነካውም፤ ለናቲ ትቼለታለሁ። አንተንም አልረሳህም፤ መታጠፊያው ላይ የምትጮኸውን፣ ግሪስ የማይለቀውን እጅህን፣ ናቲን ስትስመው ቆሜ ያየሁትንም ጭምር። የቅዳሜው ሰዓት ግን፣ ከ31.4 ቢዘገይም፣ በስሜ ይጻፋል።

ሰዓት ያዥህ የነበረችው ልጅህ፣
ሶስና